አንኮበርን የሚፈልግ ሰው የት ይደርሳል?



ዛሬ የምናገረው ስለ ኢንተርኔት አድራሻ ነው። ዶሜይን ስለሚባለው የድረ ገጽ ስምና ከስሙ ቀጥሎ ስለሚጻፈው መስመር፣ እነዚህም ጎግልን በመሰሉ የፍለጋ ሞተሮች ዘንድ አንድን ገጽ ወደ ላይ በማውጣት ወይም ወደ ታች በማውረድ ምን ድርሻ እንዳላቸው እንነጋገራለን። ነገሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ግን በአንኮበር ተራራ ላይ አልጋ የሚያከራየውን፣ በቅሎ የሚያቀርበውን፣ እንግዳ ይዞ ወደ ድሮው ቤተ መንግሥት ቦታ የሚወጣውን፣ ለልጆች የአገራቸውን ታሪክ የሚያስተምረውን ሁሉ ይነካል። የምጠራቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። ወፍ ለማየት አገር ለአገር የሚዞር፣ ከስዊድን ወይም ከእንግሊዝ የሚነሳ ሰው ነው። በዚህ ገደል ዳር የምትኖር፣ በአንኮበር ስም የተሰየመች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ጆን አሽ የተባለው የወፍ ተመራማሪ በ1979 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት አንኮበር ሴሪን። ይህ ሰው ስልኩን አውጥቶ የሚጽፈው «የአንኮበር ቱሪዝም» ብሎ አይደለም፤ የወፏን ስም ነው። ከፊቱ የሚመጣለት ብዙውን ጊዜ ዊኪፔዲያ ነው፤ የወፍ ጥበቃ ድርጅቶች ገጾች ናቸው፤ ዋና ቢሯቸው አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ የሆነ የጉዞ ድርጅቶች ናቸው። ከአንኮበር ሰው የተጻፈ፣ መንገዱን የሚነግረው፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ስልክ የሚሰጠው ገጽ ግን የለም ወይም ጎግል አላወቀውም። ሰውዬው ገንዘቡን የሚከፍለው ለሌላ ነው፤ አንኮበር የሚደርሰው የጥቂት ሰዓት እንግዳ ሆኖ ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ እዚህ ቆሜ የምናገረውም ስለዚህ ነው።

አድራሻ እንዴት እንደሚነበብ ላስረዳ። የጎረቤታችን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አድራሻ «ዲቢዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» ነው። የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ኢቲ» ኢትዮጵያ ማለት ነው፤ ይህ መለያ ለአገራችን የተሰጠው በጥቅምት 1995 ሲሆን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1997 ነው። ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። «ኢዲዩ» የትምህርት ተቋም መሆኑን ይነግራል። «ዲቢዩ» የተቋሙ ምሕጻር ነው። ከዚህ ቀጥሎ እዝባር ተደርጎ የሚጻፈው ሁሉ በዚያ ድረ ገጽ ውስጥ ያለውን የአንዱን ገጽ ቦታ ያመለክታል። ዩአርኤል የሚባለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ሙሉ መስመር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ስሜን «አንኮበር ሎጅ» ብዬ ባስመዘግብ፣ ሰው «አንኮበር ሎጅ» ብሎ ሲፈልግ ጎግል እኔን ያስቀድማል ወይ?

አንድ ጊዜ መልሱ «አዎ» ነበር። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሰርጌ ብሪንና ላሪ ፔጅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ በ1998 ባወጡት ጽሑፍ የፍለጋ ሞተራቸው ሁለት ነገር እንደሚያይ ገልጸው ነበር። አንደኛው ወደ ገጹ የሚያመለክቱ ሊንኮች ብዛትና የአመልካቾቹ ክብደት ነው። ሁለተኛው ሊንኩ የተጻፈበት ቃል ነው። ሰው ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲጠቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው የድረ ገጹን ስም ነው። ስለዚህ ስሙ ራሱ የሚፈለገው ቃል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጠቋሚ ሳያውቀው ያንን ቃል እየደገመ ይመሰክርለታል ማለት ነው። ይህን የተረዱ ነጋዴዎች ሰው ይፈልጋቸዋል ያሏቸውን ቃላት ሁሉ ዶሜይን አድርገው ገዙ። ርካሽ ቲኬት፣ ፈጣን ብድር፣ የዚህ ከተማ ሆቴል፣ የዚያ ከተማ ሆቴል። ገጾቹ ውስጥ ግን የረባ ነገር አልነበረም።

ጎግል በመስከረም 28 ቀን 2012 ይህን ለመግታት ማስተካከያ አደረገ። በወቅቱ የድርጅቱ ባለሙያ የነበረው ማት ከትስ እንዳስታወቀው፣ ለውጡ በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 0.6 በመቶውን በሚታይ መጠን ነካ። መጠኑ ትንሽ ይመስላል፤ የተመታው ግን ስም ብቻ ይዞ ምንም ያልያዘው ድረ ገጽ ነው። ከዚያ ወዲህ አቋሙ እየጠነከረ ሄዷል። ጎግል ለጀማሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ በዶሜይን ስም ውስጥም ሆነ ከእዝባሩ በኋላ የሚሰገሰጉ ቁልፍ ቃላት ለደረጃ ያላቸው ጥቅም ከምንም የማይቆጠር መሆኑን በግልጽ ጽፏል። በ2015ም አዳዲስ የዶሜይን መደምደሚያዎች በራሳቸው ብልጫ እንደማይሰጡ ተናግሯል።

ስለዚህ «ድረ ገጽህን አንደኛ የሚያደርግ ስም እሸጥልሃለሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ብራችሁን ለሌላ ነገር አውሉት።

ታዲያ ስም ምንም አይደለም ማለት ነው? አይደለም። ስም የሚሠራው በማሽኑ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው፤ ማሽኑም ዞሮ ዞሮ የሚከተለው ሰውን ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ ጎግል በሞባይል ላይ ውጤት ሲያሳይ ከአድራሻው የሚያወጣው ዶሜይኑን ብቻ ነው፤ ከእዝባር በኋላ ያለው አይታይም። እዚህ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ ነው። እንግዲህ በዚያች ጠባብ መስታወት ላይ እንግዳው የእናንተን ማንነት የሚያውቅባት አንዲት ቃል ዶሜይናችሁ ናት። አጭር ከሆነች ያስታውሳታል። በቃል ሲነገር ያለ ስህተት የምትጻፍ ከሆነች ለጓደኛው ይነግራታል። ሦስት ሰረዝና ሁለት ቁጥር የተደባለቀባት ከሆነች ግን ይጠራጠራል፤ አልፏት ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ «ዶት ኮም ይሻላል ወይስ ዶት ኢቲ» ተብዬ እጠየቃለሁ። የአገር መለያ ለፍለጋ ሞተሩ ገጹ ለየትኛው አገር ሰው እንደ ተዘጋጀ ይጠቁመዋል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው ዶት ኢቲ ይረዳል። ከውጭ የሚፈልገውን ሰው ደግሞ አይከለክለውም። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢቢሲ በቀጥታ በዶት ኢቲ ሥር ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድና ሪፖርተር ጋዜጣ ዶት ኮም ይዘው በዓለም ዙሪያ ይገኛሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን «ጎቭ ዶት ኢቲ»ን መተው የለበትም፤ ጎግል ለዚያ የተለየ ነጥብ ስለሚሰጥ አይደለም፤ ማንም ሰው ተነስቶ ሊወስደው ስለማይችልና አንባቢ ስለሚያምነው ነው።

ከዚህ ይልቅ አሳሳቢው ፊደል ነው። በዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የእኛ ችግር ከሌላው ዓለም የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ አንኮበር የመጡትን የውጭ ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍና ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 ገቡ። በ1841 ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ መጣና በ1844 ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። በምኒልክ ዘመን በ1876 ጣሊያናዊው አንቲኖሪ መጥቶ በልጥ ማረፊያ የጥናት ጣቢያ አቋቋመ፤ ሞቶ የተቀበረውም እዚሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ስለ ሸዋ ጻፉ፤ ሁሉም ግን በየቋንቋቸው ልማድ ጻፉት። እንግሊዙ በኤስ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፤ ፈረንሳዩ በሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፤ ጀርመኑ በኤስ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፤ ጣሊያኑ በኤስ፣ ሲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤ። የዛሬዎቹ ካርታዎች ደግሞ ሌላ ይጽፋሉ። አንኮበርም በጣሊያኖቹ ጽሑፍ በሲ ነው፤ በሌሎቹ በኬ። ደብረ ብርሃንን ዩኒቨርሲቲው በላቲን ሲጽፈው «ብ» ላይ ኢ ያደርጋል፤ ብዙ ካርታና ድረ ገጽ ደግሞ አይ።

የፍለጋ ሞተር ከእነዚህ ብዙዎቹን አንድ መሆናቸውን ተምሯል፤ የተማረውም ሰዎች በሁሉም ስለ ጻፉ ነው። አድራሻ ግን እንደዚህ አይቻቻልም። አንዲት ፊደል ከተለወጠች ሌላ አድራሻ ናት፤ የሌላ ሰው ቤት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በሸዋ ወይም በደብረ ብርሃን የሚጀምር ዶሜይን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ አይቶ ይወስን፤ ቢቻል ሁለተኛውንም ገዝቶ ወደ አንደኛው እንዲመራ ያድርገው። አንኮበር በዚህ ዕድለኛ ናት። በኬ የሚጻፈው አጻጻፍ በወፏ ስምም፣ በዊኪፔዲያም፣ በመንገድ ካርታም ጸንቷል። ለአንኮበር ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው አዲስ አጻጻፍ አይፍጠር።

በራሳችን ፊደልስ? ይቻላል። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ገብቷል። በ2003 ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላት በዶሜይን ስም የሚጻፉበት ደንብ ወጣ። በ2017 ደግሞ የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት የሚመራው አይካን፣ የባለሙያዎች ቡድን ያጠናውን የግዕዝ ፊደል ደንብ ተቀብሎ እንደ «ኢቲ» ላሉ የላይኛው ደረጃ መለያዎች መንገዱን ከፈተ። ዛሬም ቢሆን ከእዝባር በኋላ ያለውን ማንም በፊደላችን መጻፍ ይችላል፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ አብዛኞቹ ገጾች አድራሻቸው በአማርኛ ነው። ጎግልም አንባቢህ በሚናገረው ቋንቋ ጻፍ ብሎ ይመክራል።

ሁለት ነገር ግን በቅርብ ተመልከቱ። አንደኛው ይህ ነው። «አንኮበር» አምስት ፊደል ናት። ኮምፒውተሩ ግን አድራሻ ሲያስተላልፍ እያንዳንዱን ፊደላችንን ወደ ሦስት ክፍል ይመነዝረዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል በመቶኛ ምልክት ተጀምሮ በሁለት የላቲን ፊደል ወይም ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆነ ማለት ነው። አምስቷ ፊደል አርባ አምስት ምልክት ትሆናለች። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ያ ለማንም የማይነበብ የመቶኛ ሰልፍ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ጎግል ያነበዋል፤ በሰው ዓይን ግን የተበላሸ ወይም አጭበርባሪ ሊንክ ይመስላል፤ ሰውም ሳይጫን ያልፈዋል። ስለዚህ በአማርኛ አድራሻ የምትጽፉ ከሆነ አጭር ይሁን፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃል። የጽሑፉን ሙሉ ርእስ በአድራሻው ላይ መደርደር በላቲን ሲሆን ያሰለቻል፤ በፊደላችን ሲሆን ግን ከአንድ አንቀጽ የረዘመ ምልክት ያመጣል።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎቻችን ናቸው። የዚህችን ከተማ ታላቅ ንጉሥ ስም ውሰዱ፤ ሣህለ ሥላሴ። የመጀመሪያው ፊደል በንጉሡ ሠም በእሳቱ ሰም ይጻፋል። ሁለተኛው በሃሌታው፣ በሐመሩ ወይም በብዙኃኑ። «ሥ»ም ሁለት ነው፤ የመጨረሻው «ሴ»ም ሁለት። ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፤ ሃያ አራት። ስንናገረው አንድ የሆነው ስም በአድራሻ ላይ ሃያ አራት የተለያየ ቦታ ነው። አንድ መምህር ገጹን በንጉሡ ሠ ሠርቶ ተማሪው በእሳቱ ሰ ቢጽፈው የሚመጣለት «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ነው። በዶሜይን ስም ሲሆን ደግሞ አደጋው ከዚህ ይብሳል፤ በአንዱ ፊደል ታማኝ ድርጅት ሊቀመጥ፣ በሌላው ሌባ ሊቀመጥ ይችላል። የዶሜይን ደንብ አውጪዎች ፊደላችንን ሲያጠኑ መመለስ የነበረባቸው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። እኔ የምመክረው ይህን ነው። አስተማማኝ የሆነ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፤ በድረ ገጹ ሁሉ እርሱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ለዋናው ዶሜይን ግን ለጊዜው ላቲኑን ያዙ። ፊደላችን በገጹ ውስጥ፣ በርእሱና በጽሑፉ ይንገሥ፤ የፍለጋ ሞተሩ አብዝቶ የሚያነበው እሱን ነውና።

ከእዝባር በኋላ ስላለው አወቃቀር ብዙ አልናገርም፤ ቀላል ነው። ገጹ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር ቃል ይኑረው፤ «ገጽ ቁጥር ሰባት መቶ ሦስት» አይበል። ቃላት በሰረዝ ይለያዩ፤ ከታች በሚሰመረው መስመር አይደለም፤ የጎግል ምክርም ይኸው ነው። የላቲን ፊደል ከሆነ ሁሉም ትንንሹ ይሁን፤ በዶሜይኑ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ልዩነት የለውም፤ ከእዝባር በኋላ ግን ሁለት የተለያየ ገጽ ሊሆን ይችላል። አንዱ ገጽ በብዙ አድራሻ አይገኝ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። ድረ ገጻችሁ መጀመሪያው ላይ ሦስቱ ደብሊዩ ተጽፎም ሳይጻፍም የሚከፈት ከሆነ፣ ደኅንነቱ በተጠበቀው «ኤችቲቲፒኤስ»ም ባልተጠበቀው «ኤችቲቲፒ»ም የሚከፈት ከሆነ፣ አንዱ ገጽ አራት አድራሻ አለው። የሚጠቁሙት ሰዎች ለአራት ተከፋፈሉ ማለት ነው። ባለሙያችሁ ሦስቱን ወደ አንዱ እንዲመራቸው ጠይቁት፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፣ የጥቂት ደቂቃ ነው። የሚቀረውም ኤችቲቲፒኤስ ያለበት ይሁን፤ ጎግል ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ለዚህ ትንሽ ነጥብ ይሰጣል።

የማምንበት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ለደረጃ ከስም አመራረጥ የሚበልጠው አንድ አድራሻ ላይ መቆየት ነው።

አንኮበር ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከታጁራና ከዘይላ የሚነሳው የሲራራ ነጋዴ አሊዩ አምባ ላይ አርፎ ወደዚህ የሚወጣው፣ መልእክተኛው ደብዳቤ ይዞ የሚመጣው፣ ባለ ጉዳዩ ደጅ የሚጠናው ንጉሡ እዚህ ስለ ነበሩ ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ በ1886 አዲስ አበባ ስትቆረቆርም ወደዚያ ሲሄዱ ነጋዴውም ባለ ጉዳዩም ተከትለው ሄዱ፤ ምክንያቱም ንጉሡ የት እንደሄዱ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ድረ ገጽ ቦታ ሲቀይር ግን ወሬ የሚነግርለት የለም። አሥር ዓመት ሙሉ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የጋዜጣ ጽሑፎች፣ የዊኪፔዲያ ግርጌ ማስታወሻዎችና የወዳጆች ሊንኮች የሚያመለክቱት ወደ ድሮው ቦታ ነው። የፍለጋ ሞተሩ ክብር የሰጠው ለዚያ አድራሻ ነው። አዲሱ ቤት ምንም ቢያምር ከዜሮ ይጀምራል።

መፍትሔው ሪዳይሬክት ይባላል። በድሮው አድራሻ ላይ «ለዘለቄታው ወደዚህ ተዛውሯል» የሚል ትእዛዝ ለማሽኑ መተው ነው፤ በሙያው ቋንቋ ቁጥሩ 301 ነው። ይህን ያየ የፍለጋ ሞተር የድሮውን ክብር ወደ አዲሱ ያሸጋግራል። ጎግል ራሱ በሚያዝያ 2025 የየአገሩን አድራሻዎቹን እየተወ ሁሉንም ወደ ዋናው ዶት ኮም እንደሚመራ አስታውቋል፤ የኢትዮጵያው «ጎግል ዶት ኮም ዶት ኢቲ»ም ከእነሱ አንዱ ነው። ልብ በሉ፤ የድሮውን በር አልዘጋውም። የድሮውን የሚጽፍ ሰው ወደ አዲሱ ይወሰዳል።

እኛ ጋ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤት ሲዋሐድ ወይም ሲለያይ ስሙ ይለወጣል፤ በ2018 የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተዋሕደው የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር እንደሆኑት። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ዶሜይን ደግሞ የስማቸው ምሕጻር ነው። ስሙ ሲለወጥ ምሕጻሩ ይለወጣል፤ ምሕጻሩ ሲለወጥ አድራሻው። ሪዳይሬክት ያልተደረገለት አዋጅ፣ ጥናትና ሪፖርት ሁሉ ከፍለጋ ውጭ ይወድቃል። ለዚህ ነው ለወረዳና ለዞን ድረ ገጽ ስም ሲመረጥ በመሥሪያ ቤቱ ምሕጻር ሳይሆን በቦታው ስም ይሁን የምለው። ጽሕፈት ቤቶች በየተሐድሶው ስማቸው ይቀየራል፤ አንኮበር ግን አንኮበር ናት።

ሌላው ክፉ ነገር የባለቤትነት ነው። ለአንድ ማኅበር ወይም ሎጅ ድረ ገጽ የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንድ ጎበዝ ወጣት ነው። ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ያ ቀላል ስለሆነ ነው። ከዚያ ሥራ ይቀይራል፣ ውጭ አገር ይሄዳል። የዓመቱ ክፍያ ሲደርስ ማስታወሻው የሚሄደው ለእርሱ ነው፤ ክፍያው ያልፋል። ዶሜይኑ ተለቅቆ ለገበያ ይወጣል። እንዲህ ያለ ስም የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ቆይቶ የተከበረ ስም ስለሆነ ይገዙትና የቁማር ማስታወቂያ ይሞሉበታል፤ የማኅበሩን ስም ጠርቶ የሚመጣው እንግዳ ቁማር ቤት ይገባል። ጎግል በመጋቢት 2024 ይህን አድራጎት በደንቡ ላይ በስም ጠርቶ ከልክሎታል፤ ያ ግን የጠፋውን ስም ለባለቤቱ አይመልስም። ስለዚህ ዶሜይን በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ፤ ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ዶት ኮም ከሆነ እስከ አሥር ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ የውጭ ምንዛሪ የሚያስቸግር ከሆነ ዶት ኢቲ በብር ይከፈላል።

«እኛ ፌስቡክና ቴሌግራም አለን፤ ድረ ገጽ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ፌስቡክና ቴሌግራም ለዕለቱ ወሬ መልካም ናቸው። ግን እዚያ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ወደ ጎግል አይደርስም፤ ቢደርስም ከሳምንት በኋላ ከሥር ተቀብሮ አይገኝም። አድራሻውም የእናንተ አይደለም። ድርጅቱ ገጹን ቢዘጋው አሥር ዓመት የለቀማችሁት ፎቶና ታሪክ አብሮ ይሄዳል፤ ሪዳይሬክት የምታደርጉበት ቦታ የላችሁም። ዕለታዊውን እዚያ ጻፉ፤ የሚቆየውን በራሳችሁ አድራሻ አኑሩ፤ ከቴሌግራሙ ወደ ድረ ገጹ ጠቁሙ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ የአስጎብኚዎች ማኅበር፣ ትምህርት ቤቶችና አልጋ ቤቶች አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ለአንኮበር አንድ አድራሻ ያዙላት። ስሙ የቦታው ስም ይሁን፤ አጻጻፉ የታወቀው አጻጻፍ ይሁን። ሰባት ገጽ ብቻ ሥሩ፤ ስለ ወፏ አንድ፣ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ አንድ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ ቦታ አንድ፣ ስለ ልጥ ማረፊያ አንድ፣ ስለ አሊዩ አምባ ገበያ አንድ፣ ስለ ወፍ ዋሻ ደን አንድ፣ ከደብረ ብርሃን ስላለው መንገድና ትራንስፖርት አንድ። እያንዳንዱን ገጽ የሚያውቀው ሰው ይጻፈው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ወደዚያ እንዲጠቁም ጠይቁ፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ አንድ ሊንክ ከመቶ የማይታወቅ ገጽ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ አትነካኩት፤ ጨምሩበት እንጂ አታዛውሩት። በአንድ ወር ለውጥ አታዩም። ዶሜይኑን ግን ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ በዚህ ሳምንት አስመዝግቡት።